የኢንሱሊን መርፌን መልሶ መጠቀም፦ የቱ ይቻላል፣ የቱ ፈጽሞ አይሞከርም

በኢንሱሊን ሲሪንጅና በፔን (ኢንሱሊኑን በውስጡ የያዘ፣ ብዕር የሚመስል መውጊያ) መርፌ ማሸጊያ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። በክብ ውስጥ 2 ቁጥር ተጽፎ በላዩ ላይ ሰያፍ መስመር ተሰምሮበታል፤ ትርጉሙም ዕቃው አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል ነው ማለት ነው። ይሁንና በቀን አራት ጊዜ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ይህን ትእዛዝ እንዳለ ልፈጽም ቢል በሳምንት 28፣ በዓመት ደግሞ 1460 መርፌ ያስፈልገዋል። መርፌ እንደልብ በማይገኝበት ወይም ወጪው ከአቅም በላይ በሆነበት ቤት የትናንቱ መርፌ ክዳኑ ተመልሶለት ለዛሬ ሲቀመጥ ማየት የተለመደ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ ለገባ ታካሚና አስታማሚ ነው። ለኢንሱሊን ሕክምና በቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ዕቃዎች ሁሉ ተመልሰው ሲሠራባቸው የሚያስከትሉት ጉዳት እኩል ስላልሆነ፣ ቁጠባ የግድ ከሆነ ከየትኛው እንደሚጀመርና የትኛው ፈጽሞ እንደማይነካ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት ግን አዲስ መርፌ የለም ብሎ ኢንሱሊንን መዝለል፣ የራስን መርፌ መልሶ ከመጠቀም እጅግ የከፋ መሆኑ ነው። በተለይ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲቋረጥበት ሰውነቱ ስኳሩን መጠቀም ስለሚያቅተው ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ በዚህም የተነሳ ኪቶን የተባለው አሲድ በደም ውስጥ ይጠራቀምና ብዙ ጊዜ ሳይፈጅ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ውስጥ፣ ሕይወትን አደጋ ላይ ወደሚጥል ደረጃ ይደርሳል። ከባድ ጥማት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የትንፋሽ ሽታ ሲታዩ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ አሮጌ መርፌ ጉዳት የሚነገረውን አንብቦ ዛሬ ማታ መወጋቱን የሚተው ሰው ካለ መመሪያውን ጨርሶ አልተረዳውም ማለት ነው።

አንድ ጊዜ የተወጋበት መርፌ ምን ይሆናል?

አዲስ መርፌ ከማሸጊያው ሲወጣ ከጀርም የጸዳ፣ ጫፉ ስል፣ ገጹም በስሱ የሲሊኮን ቅባት የተለበጠ ነው። ቆዳን ብዙም ሳያሳምም የሚያልፈው በስለቱና በቅባቱ ነው። ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ንጽሕናው ይቀራል፤ ቅባቱም ይሳሳል፤ ጫፉ በዓይን በማይታይ መጠን ሊጣመም ይችላል፤ በቀዳዳው ውስጥ የቀረችው የኢንሱሊን ጠብታ ደግሞ ደርቃ ስትጠጥር ቀጣዩን መጠን ልትዘጋ ትችላለች። በተለይ የዛሬዎቹ 4 ሚሊ ሜትር የፔን መርፌዎች እጅግ ቀጭን ስለሆኑ ከድሮዎቹ ወፍራም መርፌዎች ይልቅ ቶሎ ይጣመማሉ። ርዝመታቸው ግን ለሕፃንም፣ ለወፍራም ሰውም በቂ ነው፤ የቆዳ ውፍረት በአብዛኛው ሰው ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ በመሆኑ፣ ረጅም መርፌ ይሻላል የሚለው አሮጌ እምነት መሠረት የለውም።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚፈራው መመርቀዝን ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ቢሆንም፣ አንድ ሰው የራሱን መርፌ ብቻ ደጋግሞ ሲጠቀም የሚታየው መመርቀዝ ከሚገመተው ያነሰ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ኢንሱሊኑ ራሱ ነው፤ የባክቴሪያን እድገት የሚገቱ ፌኖልና ሜታክሬሶል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ተጨምረውበት ይዘጋጃል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ግን የቫይረስ መከላከያ አይደሉም፤ የቆሸሸ መርፌንም አያጸዱም። ይህን የምጠቅሰው አሮጌ መርፌን ለማበረታታት ሳይሆን፣ መመርቀዝ አላየሁም ብሎ ጉዳት የለውም ወደሚል ድምዳሜ የሚደርስ ሰው ስለሚበዛ ነው። የዘወትሩ ጉዳት የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ሲሆን ምንም ዓይነት ሕመም ሳያሳይ ነው።

ያ ጉዳት ከቆዳ ሥር የሚፈጠር የስብ እብጠት ነው፤ በሕክምናው አጠራር ሊፖሃይፐርትሮፊ ይባላል። ኢንሱሊን በአንድ ቦታ ላይ በተደጋጋሚ ሲወጋ በዚያ ያለው ስብ ይወፍራል፤ ደንዝዞ የቆየ መርፌ ደግሞ ነገሩን እንደሚያባብሰው ይታመናል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የኢንሱሊን አወጋግ ምክረ ሐሳብም መርፌ ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲውል ሲያሳስብ ይህን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎታል። እብጠቱ ላይ የተወጋ ኢንሱሊን ወደ ደም የሚገባው አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ሌላ ቀን ፈጥኖ ነው። በዚህም የተነሳ ታካሚው ምግቡንና መጠኑን ሳይለውጥ ስኳሩ ያለ ምክንያት ሲወጣና ሲወርድ ያያል።

ለአባቴ ለዓመታት ኢንሱሊን የምወጋቸው እኔ ነበርኩ። ከእምብርታቸው በስተቀኝ አንዲት የለመድናት ቦታ ነበረች፤ እዚያ ሲወጉ አያማቸውም ስለነበር እሳቸውም ይወዷት ነበር። ቦታዋ የማታምም የሆነችው ለምን እንደሆነ የገባኝ አንዲት ነርስ ጣቶቿን በሳሙና አርጥባ ሆዳቸውን በዝግታ ስትዳብስ ነው። የኔንም ጣት ወስዳ እዚያው አስቀመጠችው፤ ከቆዳው ሥር የተቦካ ሊጥ የመሰለ፣ ዳር ዳሩ ከሌላው ለየት ብሎ የሚታወቅ ጉብታ ነበር። በዓይን ብቻ ሲታይ ምንም አይለይም። እኔ ደግሞ አንዱን መርፌ ከሦስት ቀን በላይ እያቆየሁ፣ በዚያችው ቦታ ላይ ስወጋ የነበርኩ ሰው ነኝ። ይህን የማነሳው ማንም አንባቢ ዛሬውኑ እጁን በሳሙና አርጥቦ የሚወጋበትን ቦታ እንዲዳብስ ስለምፈልግ ነው።

ጉብታ ካገኙ በዚያ ላይ መውጋት ያቁሙ፤ አዲሱን ቦታ ከቀድሞው ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር እያራቁ ያፈራርቁ። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ከጉብታው ወደ ጤነኛ ቦታ ሲዘዋወሩ ኢንሱሊኑ በአግባቡ ወደ ደም ስለሚገባ የቀድሞው መጠን ሊበዛና ስኳርዎን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ከመዛወርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በእነዚያ ቀናትም ስኳርዎን አዘውትረው ይለኩ።

ሲሪንጅና ብልቃጥ ወይስ ፔን?

ሁለቱ ተመልሰው ሲሠራባቸው የሚያስከትሉት ችግር የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ መታየት አለበት። ሲሪንጅን ደግሞ የሚጠቀም ሰው ቆዳ የነካውን ጫፍ መልሶ ብልቃጡ ውስጥ ይከታል። እያንዳንዱ መውጋት ጉዳቱ ለዚያ ቀን ብቻ ቢመስልም፣ ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ለ28 ቀን ስለሚያገለግል፣ የገባበት ቆሻሻ ለሚቀጥሉት ሳምንታት አብሮ ይቆያል። ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሲሆን ችግሩ ይብሳል፤ በመርፌው ውስጥ የቀረው ደፍራሽ ኢንሱሊን ጥርት ያለው ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ አሠራሩን ይቀይረዋል። ግላርጂን የተባለው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ከማንኛውም ሌላ ኢንሱሊን ጋር መቀላቀል ስለሌለበት፣ ሌላ ኢንሱሊን የተቀዳበት ሲሪንጅ ፈጽሞ አይቀዳበትም። በተጨማሪም ሲሪንጁ ሲቆይ የቁጥር መስመሮቹ ይደበዝዛሉ፤ መግፊያውም ይከብዳል። መስመሩ በግልጽ የማይነበብ ሲሪንጅ ምንም ያህል ስል ቢሆን መጣል አለበት።

በፔን በኩል ትልቁ ስሕተት መርፌውን ደግሞ መጠቀሙ ብቻ ሳይሆን፣ በሁለት መውጋቶች መካከል ፔኑ ላይ ተክሎ መተው ነው። የፔን መርፌ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ቆዳን ሲወጋ ሌላው የካርትሪጁን፣ ማለትም በፔኑ ውስጥ ኢንሱሊኑን የያዘውን ቱቦ፣ ጎማ ይወጋል። መርፌው ከተተወ በውጭው አየርና በኢንሱሊኑ መካከል የተከፈተ በር ቀረ ማለት ነው። ፔኑ ሲሞቅ ኢንሱሊኑ ሰፋ ብሎ ይንጠባጠባል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል። ካርትሪጁን ወደ ብርሃን ቀና አድርገው ቢያዩት የአየር አረፋው ከላይ ተቀምጦ ያገኙታል። አረፋ ያለበት ፔን ሲገፋ አየሩ እየተጨመቀ ኢንሱሊኑን በዝግታ ስለሚለቀው፣ መርፌው ከቆዳ ሲወጣ ገና ጠብታ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ያ ጠብታ ሰውነት ውስጥ መግባት የነበረበት ነው። ኢንሱሊኑ ደፍራሽ ወይም ድብልቅ ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ እየወጣ ውፍረቱ ስለሚቀያየር፣ በካርትሪጁ መጨረሻ ላይ የሚወጋው መጠን ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይሆንም። ስለዚህ የፔን መርፌን ደግሞ ለመጠቀም የተገደደ ሰው እንኳን መርፌውን ከወጋ በኋላ መንቀል፣ ዳግም ከተከለው በኋላ ከመውጋቱ በፊት 2 ዩኒት (የኢንሱሊን መጠን መለኪያ) ወደ አየር ረጭቶ ጠብታ መውጣቱን ማየት፣ ሲወጋም ቁልፉን ተጭኖ እስከ 10 መቁጠር አለበት። ከረጨ በኋላ ጠብታ ካልወጣ መርፌው ተዘግቷልና ይጣል።

ለእኔ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ያለኝ ፍርድ ይህ ነው። አንድ ሰው ፔን እየተጠቀመ ለመርፌዎቹ ግን አቅም አጥቶ አንዱን ለሳምንት የሚያቆይ ከሆነ፣ የተመቸ መሣሪያ ይዞ በማይመች መንገድ እየሠራበት ነው። በወጪ ደረጃ አዲስ ሲሪንጅ ለእያንዳንዱ መውጋት ከብልቃጥ ጋር ማግኘት የሚችል ከሆነ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ወደ ብልቃጥ መመለስ ያዋጣዋል። በራስ ውሳኔ ግን መቀየር አይገባም፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እመለስበታለሁ። በአንጻሩ ዓይኑ የደከመ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሲሪንጅ መስመር ለመቁጠር የሚቸገር ሰው ከፔን ባይለይ ይመረጣል፤ ለእሱ የመጠን ስሕተት ከመርፌ ድንዛዜ የበለጠ አደጋ ነው።

ሲሪንጅ ሲጠፋ ሌላ ሲሪንጅ ማንሳት

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ነገር አለ፤ የለመዱት ሲሪንጅ ሲያልቅ በእጅ የተገኘውን ሌላ ሲሪንጅ ማንሳት። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ያለው ኢንሱሊን የራሱ ሲሪንጅ አለው፤ በአንዳንድ አገሮች ደግሞ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት ብቻ የያዘ ኢንሱሊንና የሱ ሲሪንጅ ገና በሥራ ላይ ናቸው። የመቶውን ኢንሱሊን በአርባው ሲሪንጅ እስከ 40 መስመር ቢቀዱት የሚወጉት 40 ዩኒት ሳይሆን ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 100 ዩኒት ይሆናል። ሁለት እጥፍ ተኩል የሆነ መጠን ሰውን ራሱን ሊያስተው፣ ሊገድልም ይችላል። ለክትባትና ለሌላ መድኃኒት በሚያገለግል፣ ዩኒት ሳይሆን ሚሊ ሊትር ብቻ በተጻፈበት ሲሪንጅም ስሕተት ቀላል ነው፤ ከመቶው ኢንሱሊን 0.1 ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት መሆኑን ያልተገነዘበ ሰው አሥር እጥፍ ሊሳሳት ይችላል።

ከፔን ካርትሪጅ በሲሪንጅ መቅዳትም ከዚሁ ወገን ነው። አንዳንድ ፔኖች ሦስት መቶ ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር የያዙ ስለሆኑ፣ ከእነሱ በመቶው ሲሪንጅ የቀዳ ሰው ሦስት እጥፍ ይወጋል። ስለዚህ አሮጌ ነገር ግን ትክክለኛ የሆነ የራስ ሲሪንጅ፣ አዲስ ነገር ግን የተሳሳተ ሲሪንጅን ይበልጠዋል። ይህ ንጽጽር ለብዙ አስታማሚ እንግዳ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ አዲስ ሁሉ የተሻለ ይመስላልና።

ቁጠባ ከየት ይጀመር?

በመጀመሪያ የሚቀነሰው የአልኮል ጥጥ ነው። ቆዳው ንጹሕ ከሆነ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ለመውጋት በቂ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የጣት መውጊያው ላንሴት ነው፤ እሱም ለአንድ ጊዜ ታስቦ የተሠራ ቢሆንም ከኢንሱሊኑ ጋር ስለማይገናኝና መጠኑን ስለማይቀይር፣ የራስን ላንሴት ደግሞ መጠቀም የራስን መርፌ ደግሞ ከመጠቀም ያነሰ ጉዳት አለው። እየደነዘዘ ሲሄድ የበለጠ ያማል፤ ያኔ ይቀየራል። እጅን በሞቀ ውኃ ታጥቦ የጣትን ጎን መውጋት ሕመሙን ይቀንሳል። መለኪያ ስትሪፕ ግን በምንም መንገድ ሁለተኛ አይሠራም፤ በላዩ ያለው ኬሚካል ከደሙ ጋር አንዴ ከተዋሐደ አልቋል፤ ቁጥር ቢያሳይ እንኳ ያ ቁጥር ውሸት ነው። የኢንሱሊን መርፌ በመካከል ይገኛል፤ በችግር ጊዜ ብቻ የሚሞከር እንጂ ልማድ የሚሆን አይደለም።

በማንኛውም ሁኔታ ደግመው መጠቀም የሌለባቸው ሰዎች አሉ፦ የሰውነታቸው በሽታ የመከላከል አቅም የተዳከመ፣ በዚያ ሰሞን ሌላ ሕመም ያለባቸው፣ በእጃቸው ላይ ክፍት ቁስል ያለ፣ መርፌውን ሳይነኩ ክዳን መመለስ የማይችሉ። ሌላ ሰው የሚወጋቸው ታካሚዎችም ከዚህ መቆጠር አለባቸው፤ ክዳኑን የሚመልሰው አስታማሚ ራሱን ሊወጋ ይችላልና።

መርፌን ከሌላ ሰው ጋር መጋራትን በተመለከተ ንጽጽር የለም። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ሁለት የስኳር ሕመምተኛ ወንድማማቾች፣ ማንም ከማንም ጋር መርፌ፣ ሲሪንጅ፣ ላንሴት መጋራት የለበትም። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ፔን ላይ መርፌውን ቀይሮ መጋራትም አያድንም፤ በሚወጋበት ጊዜ ጥቂት ደም ወይም ሴል ወደ ካርትሪጁ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ዩኒት የያዙ የኢንሱሊን ፔኖች ለአንድ ታካሚ ብቻ የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍባቸው ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

የግድ ከሆነ እንዴት?

መርፌ ስንት ጊዜ ቢደገም ደህና ነው ለሚለው ጥያቄ የተስማሙበት ቁጥር የለም። ራሱን ለሚወጋ ሰው እኔ ከአባቴ ነገር በኋላ የያዝኩት ወሰን አንድ ቀን ነው፤ ጠዋት አዲስ መርፌ ተከፍቶ ማታ ይጣላል። ከመውጋት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ክዳኑ መርፌው ከቆዳ እንደወጣ ወዲያው ይመለሳል፤ ጠረጴዛውን፣ ጣትን ወይም ልብስን የነካ መርፌ ግን ሳይመለስ ይጣላል። ወደ ብርሃን ቀና ተደርጎ የተጣመመ ወይም የተቆለመመ ጫፍ ከታየ፣ ሲገባም ቆዳውን የሚቧጥጥ ከመሰለ ይጣላል፤ የተጣመመ መርፌ አልፎ አልፎ ከቆዳ ሥር ይሰበራልና።

መርፌውን በአልኮል ማጽዳት ብዙዎች እንደ ጥንቃቄ ይቆጥሩታል። በተቃራኒው ቅባቱን ያነሳዋል፤ መርፌውም የበለጠ ያማል። ሲሪንጁን በውኃ ማለቅለቅ ደግሞ የቀረችው ውኃ ከቀጣዩ መጠን ጋር ስለምትቀላቀል መጠኑን ያዛባል። መቀቀልም የድሮ ትዝታ ነው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከተሰጠበት እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ታካሚዎች ሲሪንጆቻቸውን ቀቅለው፣ መርፌዎቻቸውን በድንጋይ ስለው ይጠቀሙ ነበር። ነገር ግን ያ ሲሪንጅ ከመስታወት፣ መርፌውም ከወፍራም ብረት የተሠራ ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ በፈላ ውኃ ይጣመማል፤ መርፌውም እንደገና የሚሳል አይደለም።

አገልግሎቱን የጨረሰ መርፌ ልቅ ሆኖ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ የሚያነሳው ሰው እጅ አለ። ወፍራም ፕላስቲክ ያለው፣ በክዳን የሚዘጋ ዕቃ፣ ለምሳሌ ባዶ የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ፣ ለዚህ ይበቃል፤ መርፌው በጎኑ በስቶ የማይወጣበት ይሁን። መርፌውን ማጠፍ ወይም መስበር አያስፈልግም። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑ ይጠበቅና በቴፕ ይታሸጋል፤ ከልጆች ተርቆም ይቀመጣል። ከዚያም ወደሚቀበል ጤና ተቋም ይወሰዳል።